አባቴ ፈቃድ የወጣ ጊዜ

እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ስሰበስብ ነው ሄለንን ያየኋት። ግራጫ ቱታ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ከእኔ ዝቅ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቃለች። መጀመሪያ ያወቅኩት ፊቷን አይደለም፣ አንገቷን ነው። ድሮ አባቴ በሚሠራበት ኬክ ቤት ካሸር ላይ ስትቀመጥ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል የማድረግ ልማድ ነበራት፤ ልጅ ሆኜ መስታወት ፊት ቆሜ እሷን ለመምሰል የማልሞክረው ነገር አልነበረም። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። "የተካ ልጅ አይደለሽም እንዴ?" አለችኝ። ነኝ አልኳት። "ወይ ጉድ፣ ትልቅ ሰው ሆነሽ የለ? አባትሽ ደህና ነው?" ደህና ነው አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ድሮ ሰፈራችን፣ ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ አዞርን። ከዚያ የሚታይ ነገር ኖሮ አይደለም፤ እንዲሁ ነው።

ክፍል ውስጥ "ድሮ እኛ ሰፈር" ብዬ ስጀምር ይስቁብኛል። አስራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ድሮ ትላለች ይላሉ። የሚስቁት ያደጉበት ቤት አሁንም ስላለ ነው። የእኛ ግቢ፣ የግቢው ቧንቧ፣ ከግቢው ወጥቶ ወደ ታክሲው የሚያወርደው ጭቃማ መንገድ፣ ሁሉም አሁን ሰፊ አስፋልትና ሣር ነው፤ በቃ፣ ድሮ ለማለት ማርጀት አላስፈለገኝም። አባቴ የሚሠራበት ኬክ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሊስትሮዎቹ ከሚደረደሩበት ግንብ አጠገብ ነበር። ስሙ ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፤ ግን ማንም በስሙ አይጠራውም፣ በባለቤቱ "ደግፌ ጋ" ነው የሚባለው። ጋሽ ደግፌ የሄለን አባት ናቸው። ማኪያቶ ከአስራ ሁለት ብር አይበልጥም፤ ቦምቦሊኖ አምስት ብር ነው፤ ክሬም ያለው ኬክ ደግሞ ለእኛ ለሰፈር ልጆች በመስታወት የሚታይ እንጂ የሚበላ ነገር አልነበረም። ጥግ ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዘፈን ይደጋግማል፤ ዘፋኙ ሄደችብኝ እያለ ሲያለቅስ የታክሲ ረዳቶቹ ከላዩ ላይ "ስታዲየም፣ ስታዲየም፣ አንድ ሰው" ይላሉ፤ ለእኔ የዘፈኑ አካል ይመስለኝ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ሽታው፣ የተቃጠለ ስኳርና ቫኒላ። አባቴ ኬክ ጋጋሪ ስለነበር ሽታው ቤታችንም አለ፤ ኮቱ ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ እማዬ ልብሱን ብታጥበው እንኳ አይለቅም። አሁንም በአንድ ኬክ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ያ ሽታ ከመጣብኝ እግሬ ይያዛል።

ደግፌ ጋ የዓመት ፈቃድ የሚባል ነገር ነበር፣ የወጣ ሰው ግን አልነበረም። ማለቴ፣ ሠራተኛው ሁሉ ፈቃዱን ይሸጠው ነበር። ዓመት ሲሞላው ጋሽ ደግፌ ጠርተው "ታርፋለህ ወይስ ትወስዳለህ?" ይሉታል። መልሱ የታወቀ ነው። ሰውየው ሥራውን እየሠራ የፈቃዱን ደመወዝ በላዩ ላይ ይቀበላል። አባቴ የአዲስ ዓመት በግና የእኔን ደብተር የሚገዛው በዚያ ነው። ማረፍ ለእሱ የታማሚ ነገር ነበር፤ ጤነኛ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ደመወዝ ሲበላ ያሳፍራል ይላል። ቡታጅራ ያለችው እናቱ ጋ እንኳ የሚሄደው ለመስቀል ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ ቀን አድሮ በማግስቱ ሊጥ ሊያቦካ እየሮጠ ይመለሳል። እኔ አያቴን አይቻት አላውቅም ነበር። ቡታጅራ ሩቅ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ጠዋት አውቶብስ የያዘ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። አባቴ በየዓመቱ "ዘንድሮ ይዤሽ እሄዳለሁ" ይለኛል፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ "ለአንድ አዳር ልጅ ይዤ አልንከራተትም፣ ረዘም ያለ ጊዜ ሳገኝ" ይላል። እኔም ያንን ረዘም ያለ ጊዜ ስጠብቅ አደግኩ።

ታዲያ ጋሽ ደግፌን አመማቸውና ሄለን ገባች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የሆነ መሥሪያ ቤት ሰው ኃይል ክፍል ሠርታለች። ሠራተኞቹ ከፊቷ "ወይዘሪት"፣ ከኋላዋ "ልጅቷ" ይሏታል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁሉንም ሰብስባ ከእንግዲህ ፈቃድ አይሸጥም አለች። ፈቃድ ሰው እንዲያርፍበት ነው፤ በገንዘብ የሚለወጠው ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ወይም ሲሰናበት ብቻ ነው፣ ሕጉም እንደዚያ ነው አለቻቸው። በደንብ ነው ያስረዳችው። አባቴ ማታ ለእማዬ ሲነግራት ግን "የፈቃድ ገንዘብ የሚሰጠው ለሚባረር ሰው ነው ተባልን" አላት። እማዬ "ታዲያ ይቅርብን፣ አትቀበላት" አለችው። በጉ እንደቀረ ሁላችንም ገባን፤ ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎን ነበር።

የአዲስ ዓመት ግርግር አልፎ ኬክ ቤቱ ቀዝቀዝ ሲል አንድ ቀን አባቴ በቀትር ቤት መጣ። አባቴን በቀትር ብርሃን በራችን ላይ ቆሞ አይቼው አላውቅም። ነጭ ሽርጡን አጥፎ ብብቱ ስር ይዞታል፤ በሌላ እጁ ፖስታ አለ። እማዬ ልብስ እያጠበች ነበር፤ የእጇን አረፋ ሳታደርቅ ተነሳች።

"ምን ሆንክ?"

"ሂድ እረፍ አለችኝ።"

"ማን?"

"ልጅቷ ናታ። ፈቃድህ ነው ብላ ገንዘቡን ቀድማ ሰጠችኝ። ገንዘቡ እጅህ ላይ ካለ ተረጋግተህ ታርፋለህ አለች። ሽርጡንም ውሰደውና ይታጠብ አለችኝ።"

"ገንዘብ ሰጠችህ?"

"ይኸው።"

እማዬ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሄለን ስብሰባ ላይ ያለችውን ሁለቱም አልረሱትም፤ የፈቃድ ገንዘብ በእጁ የሚገባ ሰው ተሰናባች ነው። ገንዘቡ ፖስታ ውስጥ አለ። ሽርጡም ወጥቷል። አባቴ ከዚያ በላይ ምን እንዲሉት ይጠብቅ?

እትዬ አስካለ በአንድ ግድግዳ ብቻ የምንለያያቸው ጎረቤታችን ስለነበሩ ነገር ለመስማት መምጣት አያስፈልጋቸውም ነበር። ቢሆንም መጡ፤ ያውም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ከኋላቸው የግቢው ሰው ተከተለ። ሰው ሞተ ያለ የለም፣ አቀማመጡ ግን የለቅሶ ነው። አንዱ ወንበር ይዞ መጣ፣ ሌላዋ በፔርሙስ ሻይ።

"አይዞህ ተካ" አሉት እትዬ አስካለ፤ "ሙያው እጅህ ላይ ነው፣ እሱን አትወስድብህም።"

"ፈቃድ ነው ብላኛለች እኮ" አለ አባቴ።

"ምን ልትልህ ኖሯል? የተማረ ሰው በጨዋ ደንብ ነው የሚያባርረው። ለመሆኑ በዚህ ቀን ተመለስ ብላሃለች?"

አባቴ አሰበ። ሁላችንም አፉን እናያለን።

"አላለችም" አለ።

"በቃ" አሉ እትዬ አስካለ፣ ነገሩ በፍርድ ቤት የተዘጋ ያህል።

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ የተከዘ ሰው መሃል ጥርሴን መክደን አቅቶኝ እማዬ ቆነጠጠችኝ። ረዘም ያለ ጊዜ አገኘ፣ ቡታጅራ ልንሄድ ነው፤ የታየኝ ይሄ ብቻ ነው። ሰው ሲበተን አባቴን መቼ ነው የምንሄደው አልኩት። "ነገ ሥራ ቦታውን ልይና" አለኝ።

በማግስቱ የሠርጉን ሱፍ ለበሰ። እጄን ይዞ ደግፌ ጋ ወሰደኝ፤ በጓዳ በር አይደለም፣ በፊት ለፊት፣ እንደ ደንበኛ። የጓዳው በር በደንብ የሚታይበትን የጥግ ጠረጴዛ መረጠ። አስተናጋጇ ዝናሽ ሳቋን አፍና መጣች።

"ምን ልታዘዝ ጌታዬ?"

"አንቺ ደግሞ። ተካ በይኝ።"

"ደንበኛ በስሙ አይጠራም። ኬክ ላምጣ? ትኩስ ነው። ማን እንደጋገረው ግን አልነግርህም።"

"ማን ነው የጋገረው?"

"አልነግርህም አልኩ እኮ።"

መንገር አላስፈለጋትም። ነጭ ቆብ ያደረገች ወፈር ያለች ሴት ትሪ ይዛ ከጓዳ ወጣች። እሱ እስኪመለስ ድረስ እንድትሠራ ሄለን ከሌላ ኬክ ቤት ያመጣቻት ናት። ይሄን የነገረን ግን የለም፤ አባቴ ያየው በእሱ ቦታ የቆመ ሰው ነው። ኬኩ ሲመጣ በሹካ ጫፍ ቀመሰ። መጥፎ እንዲሆንለት እየጸለየ እንደነበር ያስታውቃል። ጥሩ ነበር። ሹካውን አስቀምጦ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው፤ "ብይው" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት፣ ሥራችን ይኸው ሆነ። ጠዋት ሱፉን ይለብሳል፣ እማዬ ፀጉሬን ትጎነጉነኛለች፣ ሄደን እንቀመጣለን። እሱ አንድ ማኪያቶ ይዞ በሩን ይጠብቃል፣ እኔ ኬክ እበላለሁ። "ፊቷ ከተቀመጥኩ ማን በእኔ ቦታ ይቀጥራል? ታፍራለች" ይለኛል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በመሃል መጠበቁን ይረሳውና ያወራኛል። ሊጡ መድረሱን በጣት ነካ አድርጎ እንዴት እንደሚያውቅ፣ አዲስ አበባ መጀመሪያ ሲመጣ ቂርቆስ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ባንኮኒ ስር እንዴት ይተኛ እንደነበር፣ እናቱ በልጅነቱ ምን ብላ ትጠራው እንደነበር። አባቴ ያን ያህል ቃል እንዳለው አላውቅም ነበር። ሄለን ካሸር ላይ ሆና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ፈገግ ትልልናለች፤ እሱ ግማሽ ድረስ ተነስቶ እጅ ይነሳና ይቀመጣል። "ቡታጅራስ?" እለዋለሁ ክሬሜን እየላስኩ። "ነገ" ይለኛል።

መስቀል መጣ። ሰፈሩ ባዶ ሆነ፤ ሱቁ ተዘጋ፣ ግማሹ ሰው አውቶብስ ላይ ነው። አባቴ ግን ያቺን የለመዳትን አንድ አዳር እንኳ አልሄደም። ለእናቱ ስኳርና ሻሽ ገዝቶ ለአገሩ ሰው ሲሰጥ አጠገቡ ነበርኩ። "ዘንድሮ ሥራ በዝቶበት ነው በልልኝ" አለው፣ በዚያ ሱፍ ውስጥ ሆኖ።

ስብሰባ ላይ የተነገረው የፈቃድ ቀን ሲሞላ እትዬ አስካለ "ለምን ሌላ ኬክ ቤት አትጠይቅም" ሲሉት፣ እሱ የታጠበውን ሽርጥ ይዞ ሊለምናት ሄደ። ምን እንደሚላት ሌሊቱን ሲለማመድ እሰማዋለሁ። ሄለን በሩ ላይ አግኝታው "እንኳን ደህና መጣህ ተካ፣ አረፍክ?" አለችው። ቆብ ያደረገችው ሴት የለችም። ቦታው እንዳለ ነው። "አረፍኩ" ብሎ ገባ። ያን ቀን ማታ ይሄን ሲነግረን እማዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ እትዬ አስካለም ከግድግዳው ማዶ ሳቁ። አባቴም ስቆ ስቆ ዓይኑን ጠረገ። "ለካ እውነቷን ነበር" አለ። "መሄድ እችል ነበር ማለት ነው።"

በበጋው አያቴ ለዓይኗ ሕክምና ወደ እኛ መጣች። እጆቿ ትልልቅ፣ አንደበቷ ቀስ ያለ፣ አማርኛዋ ከጉራግኛ ጋር የተጋባ። መደቡ ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ በሩን ትሰማለች፤ ማየቱ ብዙም አልነበራትም። አባቴ ሳይነጋ ወጥቶ ሲመለስ እንቅልፍ ወስዷታል። ጠዋት ጠዋት "የእኔ ልጅ፣ አባትሽ ዛሬ ቤት ይውላል?" ትለኛለች። "ሥራ ሄዷል እማማ።" "በዓል ነው እንዴ፣ ይሄን ያህል ሥራ?" ትላለች። አባቴ እንደምንም ደፍሮ ሄለንን ጥቂት ቀን ለመናት። "ፈቃድህን እኮ ጨርሰሃል ተካ" አለችው በደግነት፤ "ከፈለግህ ያለ ደመወዝ ላድርግልህ።" ያለ ደመወዝ የሚለውን ሲሰማ እንደገና ፈራ፤ ይቅርብኝ ብሎ ወጣ። አያቴ ጥቂት ሳምንት ተቀምጣ አንድ ማለዳ ተመለሰች። አውቶብስ ተራ የሸኘናት እማዬና እኔ ነን።

የሚቀጥለው መስቀል ሳይደርስ አረፈች። አባቴ የሐዘን ፈቃድ ተሰጠው፤ ከዓመት ፈቃድ የማይቀነስ፣ ደመወዙም የማይነካ። ይሄኛውን ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም፣ ተመለስ የተባለበትን ቀንም አልጠየቀ። ብቻውን ሄዶ ቀብሮ መጣ። ከዚያ በኋላ ፈቃዱ በደረሰ ቁጥር ይወጣል፤ ቤት ውሎ ግድግዳ ይቀባል፣ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። ቡታጅራ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አልሰማሁም፣ እኔም መጠየቄን ተውኩ። ሰፈሩ ሲነሳ ኬክ ቤቱም ተዘጋ። ሄለን የቀረውን የፈቃድ ቀን ሁሉ በገንዘብ አስልታ ሰጠችው፤ አሁን በሕጉም ይቻላል፣ መሰናበት ነዋ። አባቴ ያኔ ምንም አላለም፤ ጓዳው ገብቶ መጋገሪያውን በጨርቅ ወልውሎ ወጣ።

ይሄ ሁሉ ደረጃው ላይ ነው የታወሰኝ። ሄለን የጫማዋን ማሰሪያ ጨርሳ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ልንገርሽ?" አለችኝ። "ያኔ አባትሽ ፈቃድ ወጥቶ፣ ሱፍ ለብሶ አንቺን ይዞ ሲመጣ እቀና ነበር። እኔ የኬክ ቤት ልጅ ነኝ፤ አባቴ ግን አንድ ቀን እነዚያ ወንበሮች ላይ ከእኔ ጋር ተቀምጦ አያውቅም። ተካ ፈቃዱን ከልጁ ጋር ሊያሳልፍ መጣ እያልኩ ለሁሉም ነበር የማወራው።"

ዝም ልላት አስቤ ነበር። አልቻልኩም።

"ያባረርሽው መስሎት ነበር የሚመጣው" አልኳት። "ቦታውን እየጠበቀ ነበር።"

የምቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ከዚያ አየችኝ።

"እንዴ፣ ለምን አልጠየቀኝም?"

"አዎ ብትይውስ?"

የሚሮጡት ሰዎች ከታች ዞረው ተመለሱ። "ሕጉን በሙሉ ነግሬያቸው ነበር" አለች በመጨረሻ። "ስንት ቀን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚከፈል። ለእሱ ግን ትመለሳለህ አላልኩትም። ማን ያስባል? የታወቀ ነው ብዬ።" ስትነሳ አቅፋኝ "ሰላም በይልኝ" አለች፤ ይቅርታ በይልኝ ማለት ፈልጋ እንደነበር ገብቶኛል።

አባቴ አሁን ወሎ ሰፈር አንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው። ከቤታችን ሁለት ታክሲ ነው። አዲስ ሠራተኛ ስለሆነ የፈቃዱ ነገር ከዜሮ ጀምሮ፣ የመጀመሪያው ገና ዘንድሮ ደረሰለት። የዚያኑ እሁድ ቤት ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲ ያጥፋል። ሄለንን አገኘኋት አልኩት። የነገረችኝን ነገርኩት፤ እኔም ያልኳትን። መቅናቷ ላይ ስደርስ እጁ ቆመ።

"ቀናች?"

"እንደዚያ ነው ያለችኝ።"

"በእኛ?" ካልሲውን አየው። "እኔ እኮ ያኔ አንቺን የያዝኩሽ ልጅ ይዞ የመጣ ሰው አያዋርዱም ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ" አልኩት። ባላውቅም።

"ደስ ብሎሽ ነበር?"

"በጣም።"

ራሱን ነቀነቀና ወደ እኔ ዞር አለ። "ይኼኛው ዳቦ ቤት የምመለስበትን ቀን ጽፎ ነው የሚሰጠኝ" አለ። "ለመስቀል ነው የደረሰኝ።"

"ታዲያ የት ትሄዳለህ?"

"የት እሄዳለሁ። ቡታጅራ ማን አለኝ?"

"እኔ አይቼው አላውቅም" አልኩት።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። የመጨረሻዎቹን ካልሲዎች አጣመረ፣ ተነስቶ መሳቢያው ውስጥ ከተታቸው።

"ትምህርት ቤቱስ" አለ፣ ሳይዞር፤ "ፈቃድ ይሰጡሻል?"